ቤዝመንቱ ሳያልቅ ቤቱ ሲያዝ

ከኮንትራክተር ጋር የተነሳ ጠብ በቤትዎ መዝገብ ላይ እንዴት ይወጣል? በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ መልሱ አንድ አይደለም

በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት የገዛ የአገራችን ሰው፣ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዓይኑ ወደ ቤዝመንቱ መውረዱ አይቀርም። እናት ከአገር ቤት ሊመጡ ነው፤ ወይም ልጆቹ አድገው የየራሳቸው ክፍል ይፈልጋሉ፤ ወይም የወሩ የባንክ ክፍያ ከብዶ «ታችን አከራይተን ብንደጉመውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከዚያ ፍለጋው ይጀመራል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይጠየቃል፣ ለዕድር አባላት ይደወላል፣ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ «ጥሩ ኮንትራክተር የምታውቁ?» ተብሎ ይጻፋል። እስከ ማታ የሦስት ሰው ስልክ ይመጣል። ከሦስቱ አንዱ ለአክስት ልጅ የሠራ ነው፤ እሱ ይመረጣል።

ብዙው ሥራ በሰላም ያልቃል። ይህ ጽሑፍ በሰላም ስላላለቀው ነው። ሰድሩ ተንጋዶ ተነጥፏል፣ አዲሱ መታጠቢያ ቤት ውኃ ያሳልፋል፣ በሁለት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ባለቤቶቹ የመጨረሻውን ክፍያ ይይዛሉ። ኮንትራክተሩ ደግሞ «በመሃል የጨመራችሁት ሥራ አልተከፈለኝም» ይላል። ስልክ መነሳት ያቆማል። አንድ ቀን ፖስታ ይመጣል፤ ውስጡ ያለው ወረቀት «ሊን» የሚል ቃል ይዟል።

ሊን በቤትዎ ላይ የሚመዘገብ የዕዳ መያዣ ነው። ባንኩ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ቤቱን በመያዣነት እንደያዘ ሁሉ፣ ያልተከፈለው ኮንትራክተርም ሕጉ ያዘዘውን ካሟላ በሚጠይቀው ገንዘብ ልክ ቤቱን መያዝ ይችላል። ልዩነቱ፣ ለባንኩ እርስዎ ፈርመዋል። ለኮንትራክተሩ ግን «ቤቴን ያዝ» ብለው የፈረሙት ነገር የለም። መብቱን የሰጠው ሕጉ ራሱ ነው።

መካኒኩ ማን ነው?

የሕግ ስሙ «መካኒክስ ሊን» ነው። ከጋራዥና ከመኪና ጋር ግንኙነት የለውም። ቃሉ በድሮው እንግሊዝኛ በእጁ የሚሠራ ባለሙያን፣ አናጢውንና ግንበኛውን፣ ይጠራ ነበር። ከሕጉ ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላልና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፍትሐዊ ነው። ሶፋ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ካልተከፈለው ሶፋውን ሊያስመልስ ይችላል። ድራይዎል የገጠመ ሰው ግን ግድግዳዎን ነቅሎ አይሄድም። ላቡም ሆነ የገዛው ዕቃ ከቤትዎ ጋር ተጣብቋል፤ የቤትዎንም ዋጋ ጨምሯል። ስለዚህ ሕጉ ቤቱን ራሱን ዋስትና አደረገለት።

ይህ ሕግ የተወለደውም እዚሁ ሰፈራችን ነው። በ1791 አዲሲቱ ዋና ከተማ ስትቆረቆር ገንቢዎችን ለመሳብ አንድ ነገር ማድረግ አስፈለገ። በወቅቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ጀፈርሰንና ጄምስ ማዲሰን ከከተማዋ ኮሚሽነሮች ጋር ተመካከሩ፤ በዚያው ዓመት የሜሪላንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለዋሽንግተን ገንቢዎች ይህን መብት ሰጠ። በአሜሪካ የመጀመሪያው መሆኑ ይነገርለታል። ከዚያ በየግዛቱ ተስፋፋ።

ለእኛ ሰው እንግዳ ቢሆን አይገርምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ውል፣ በሕግ ብቻ የሚገኝ የቤት መያዣ የሚሰጠው ቤቱን ለሸጠና ከሌላ ጋር ለተካፈለ ሰው ነው፤ ለሠራው አይደለም። አገር ቤት አናጢው ካልተከፈለው ይከሳል፣ ይጨቃጨቃል፣ ሽማግሌ ይልካል፤ ካርታው ላይ ግን አይደርስም። እዚህ ይደርሳል።

ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

በመጀመሪያ ልብ ይረጋ። ሊን ፍርድ አይደለም። «ይህ ሰው ዕዳ አለበት» ተብሎ ተረጋግጧል ማለት ሳይሆን «ዕዳ አለበት የሚል ሰው አለ» ማለት ነው። ማንም መጥቶ ቁልፍ አይቀይርም። ከሥራ ስትመለሱ በር ላይ ፖሊስ አይጠብቃችሁም።

ነገር ግን ቤቱን ለመሸጥ ወይም ሪፋይናንስ ለማድረግ የሄዱ ዕለት ታይትል ካምፓኒው መዝገቡን ሲያገላብጥ ያገኘዋል። እሱ ሳይነሳ ክሎዚንግ የለም። ወለድ ወርዷል ተብሎ የተጀመረ ሪፋይናንስ ይቆማል፤ ለልጅ የኮሌጅ ክፍያ ተብሎ ቤቱን አስይዞ ለመበደር የታሰበው ሐሳብ ይታገዳል። ኮንትራክተሩም ይህን ያውቃል። ትልቁ ጉልበቱ ቤቱን ለጨረታ ማቅረቡ አይደለም፤ እርስዎ በቸኮሉበት ሰዓት ደጃፉ ላይ ቆሞ መገኘቱ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ እስከ መጨረሻው ከሄደና ኮንትራክተሩ ከረታ ፍርድ ቤት ቤቱ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ «ምን ያመጣል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚወረወር ወረቀት አይደለም።

ወንዙን ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድም በደረሰበት ነገር ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቱ ምክር ይሰጣል። ምክሩ ግን ፖቶማክን አይሻገርም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቤዝመንት በ60,000 ዶላር ለማሠራት ውል ተፈርሟል እንበል። ሕንፃው 450,000 ዶላር ያወጣል።

ቤቱ ቨርጂኒያ ከሆነ፣ የ150 ዶላር ሥራ ወይም ዕቃ እንኳ ለሊን ይበቃል። ኮንትራክተሩ ጠበቃ ይዞም ሆነ ራሱ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ «ሜሞራንደም ኦቭ ሊን» የሚባለውን ወረቀት ሞልቶ በሰርኪት ኮርት ጸሐፊ ዘንድ ያስመዘግባል። መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ክርክሩ በኋላ ይመጣል። ጊዜው ግን ጥብቅ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ከሠራበት ወር ማብቂያ አንስቶ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ ሥራው ካለቀ ወይም ከተቋረጠም ከዚያ ቀን ጀምሮ 90 ቀን ማለፍ አይችልም። የሚጠይቀውም ከመጨረሻው የሥራ ቀን ወደ ኋላ 150 ቀን ውስጥ ለሠራው ብቻ ነው። ሥራው እየተጎተተ ስድስተኛና ሰባተኛ ወር የገባ ኮንትራክተር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሥራ በሊን መጠየቅ አይችልም። ካስመዘገበ በኋላም ዝም ብሎ መቀመጥ የለም፤ ከተመዘገበበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር፣ ወይም ሥራው ካበቃ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ፣ ከሁለቱ በዘገየው፣ ክስ ካልመሠረተ ሊኑ ይሞታል።

ዲሲም «መጀመሪያ ምዝገባ» ከሚሉት ነው። ማስታወቂያው ሥራው ካለቀ ወይም ከተቋረጠ በ90 ቀን ውስጥ በሪከርደር ኦቭ ዲድስ ይመዘገባል፤ ከዚያ ክሱ በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

ሜሪላንድ ሲገቡ ዓለሙ ሌላ ነው። ነባር ቤትን ማደስና ማሻሻል ለሊን የሚያበቃው ሥራው ከሕንፃው ዋጋ 15 በመቶ ሲደርስ ነው። በምሳሌያችን 15 በመቶው 67,500 ዶላር ይሆናል። የ60,000 ዶላሩ ቤዝመንት አይደርስም። ያው ቤዝመንት፣ ያው ጠብ፤ ፌርፋክስ ቢሆን ሊን ይወጣበታል፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ሲሆን አይወጣበትም። ኮንትራክተሩ በውሉ መሠረት ገንዘቤን ብሎ መክሰሱ እንደተጠበቀ ነው፤ ቤቱን መያዝ ግን አይችልም።

15 በመቶውን ያለፈ ሥራ ቢሆንም ሜሪላንድ ውስጥ በጸሐፊ መስኮት በኩል የሚወጣ ሊን የለም። ኮንትራክተሩ ሥራውን በጨረሰ በ180 ቀን ውስጥ ለሰርኪት ኮርት አቤቱታ ያቀርባል፤ ዳኛው ያየዋል፤ ከዚያ «ሊኑ የማይጸናበት ምክንያት ካለህ ቅረብ» የሚል ትዕዛዝ ለባለቤቱ ይደርሳል። ይህ የሆነው በ1976 የግዛቱ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ባለቤቱ ሳይሰማ ቤቱ መያዙ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል» ብሎ የድሮውን አሠራር ስለሻረ ነው። በእኔ ፍርድ ለቤተሰብ የሚሻለው ይህኛው ነው። ኮንትራክተሮች ረጅምና ውድ ነው ብለው ያማርሩበታል፤ ቅሬታቸው ከመሬት የመጣ አይደለም። ለ70,000 ዶላር ጠብ ጠበቃ ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ለትንሽ ኮንትራክተር ቀላል አይደለም።

የሜሪላንዱ ትዕዛዝ ሲደርስዎ ግን ቀን ይቁጠሩ። መልስ ለመስጠት ያለዎት ጊዜ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ነው። በመሐላ የተደገፈ መልስ ካላስገቡ ኮንትራክተሩ የጻፈው ፍሬ ነገር እንዳመኑት ይቆጠራል። ሰድሩ ምን ያህል እንደተንጋደደ የሚያሳዩ መቶ ፎቶዎች በስልክዎ ቢኖሩም፣ ያላዩአቸው ዳኛ ምንም ሊያደርጉልዎ አይችሉም።

የማያውቁት ሰው ሲጠይቅዎ

እርስዎ የተዋዋሉት ከአንድ ሰው ጋር ነው። ቤትዎ ገብቶ የሠራው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪሺያኑ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ድራይዎል ገጣሚዎቹ፣ ዕቃ ያቀረበው ድርጅት፣ እነዚህ ሁሉ ከዋናው ኮንትራክተር ካልተከፈላቸው በራሳቸው ስም የሊን መብት አላቸው። ስማቸውን ላያውቁት ይችላሉ፤ ቡና አፍልተው የሰጧቸው ሰዎች ናቸው።

«ታዲያ ሁለት ጊዜ ልከፍል ነው?» ይህ ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሰብኮንትራክተሩ ሊን፣ ማስታወቂያው በደረሰዎት ሰዓት ለዋናው ኮንትራክተር ከቀረብዎት ዕዳና ከዚያ በኋላ ከሚኖርብዎት ዕዳ አይበልጥም። ሜሪላንድም በገዛ መሬቱ ላይ ለራሱ መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ተመሳሳይ ጥበቃ ሰጥታለች፤ እዚያ ሰብኮንትራክተሩ ሠርቶ ከጨረሰ በ120 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እንግዲህ ልዩነቱን የሚፈጥረው ያ ማስታወቂያ የደረሰበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የከፈሉት፣ ማስረጃ ካለዎት፣ ይቆጠርልዎታል። ከዚያ በኋላ ለዋናው ኮንትራክተር የከፈሉት ግን ሁለተኛ ሊጠየቁበት ይችላሉ። የአደራ ፖስታ ፈርመው ከተቀበሉ በኋላ በዚያው ሳምንት ለኮንትራክተሩ ዜል መላክ የለብዎትም።

«ማስረጃ ካለዎት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅናሽ ለማግኘት በጥሬ ገንዘብ መክፈል በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በእጅ የተሰጠ 8,000 ዶላር በሊን ክርክር ውስጥ ያልተከፈለ 8,000 ዶላር ነው። ቼክ፣ ወይም በማስታወሻው ላይ ለምን ሥራ እንደተከፈለ የተጻፈበት ዜል፣ የቅናሹን ያህል ዋጋ አለው።

በየክፍያው «ሊን ዌቨር» የሚባለውን ወረቀት መጠየቅም አለ። ኮንትራክተሩና ሰብኮንትራክተሮቹ «እስከዚህ ቀን ለሠራነው ተከፍሎናል፣ በዚህ መጠን ሊን አናነሳም» ብለው የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ነው። ትላልቅ ገንቢዎች ያለዚህ ወረቀት ቼክ አይቆርጡም። በቤተሰብ ሥራ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ እንደ አለመተማመን ይታያልና። ቨርጂኒያ ላሉ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የግንባታ ፐርሚቱ ሲወጣ «መካኒክስ ሊን ኤጀንት» የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ታይትል ካምፓኒ ወይም ጠበቃ የሆነ ወገን ማስመዝገብ ይቻላል። ከተመዘገበ በኋላ የሊን መብቱን መጠበቅ የሚፈልግ ሁሉ ሥራ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለዚያ ኤጀንት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ቤትዎ ውስጥ ማን ማን እንደሚሠራ ስም ዝርዝሩ በአንድ ቦታ ይገኛል ማለት ነው።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ምን ሲያነብ እንደሚያምን ማወቅ ሥራዬ ነውና ስለ ኮንትራክተር ማስታወቂያ አንድ ነገር ልበል። «ላይሰንስና ኢንሹራንስ አለን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ምንም አያስከፍልም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሕጉ የቤት እድሳት ኮንትራክተር በማስታወቂያው ላይ የፈቃድ ቁጥሩን እንዲያወጣ ያስገድዳል። ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ ያየሁ ዕለት የቀረውን አላነብም። ቁጥር ካለ ደግሞ በሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ይታያል፤ ከቁጥሩ ጋር የተጻፈው ስም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር መመሳሰል አለበት። በሰው ላይሰንስ መሥራት ያልተሰማ ነገር አይደለም።

ለሊኑ ይህ ምን ያደርጋል? ብዙ። በሦስቱም ቦታ ፈቃድ ሊኖረው ሲገባ የሌለው ኮንትራክተር የሊን መብቱን ያጣል። ሜሪላንድ ውስጥማ ፈቃድ የሌለው ሰው የቤት እድሳት ውሉን በፍርድ ቤት ማስፈጸምም አይችልም። «ታዲያ ፈቃድ የሌለውን ብቀጥር ለእኔ ይሻላል» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አይሻልም። የሜሪላንድ ኮሚሽን በኮንትራክተሮች መዋጮ የቆመ የዋስትና ፈንድ አለው፤ ሥራው ተበላሽቶ ወይም ተጥሎ ለተጎዳ ባለቤት እስከ 30,000 ዶላር ሊመልስ ይችላል። የሚመልሰው ግን ኮንትራክተሩ ፈቃድ ያለው ከነበረ ብቻ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ቤትዎን ሊይዝ አይችልም፤ እርስዎም እሱን የሚይዙበት ነገር የለም።

በዚያው ሕግ መሠረት ሜሪላንድ ውስጥ ውል ሲፈረም የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። በ60,000 ዶላሩ ምሳሌ ጣሪያው 20,000 ነው። «ዕቃ ልግዛበት፣ ግማሹን ስጡኝ» ካለ ሕጉ አይፈቅድም ማለት ነውር አይደለም። ዲሲ ደግሞ ይበልጥ ታጠብቃለች፤ ፈቃድ የሌለው ኮንትራክተር ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ አንድ ዶላር እንኳ መቀበል አይፈቀድለትም።

ሽማግሌዎቹና የቀን መቁጠሪያው

እስካሁን የተባለውን ጠበቃም ሊነግርዎ ይችላል። ጠበቃ የማይነግርዎ፣ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብቻ የሚታየው ነገር ይህ ነው።

ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ኮንትራክተሩም ባለቤቱም አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ወይም አንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፤ ሚስቶቻቸው ይተዋወቃሉ። ሦስት ትላልቅ ሰዎች ይሰየማሉ። የመጀመሪያው ቀጠሮ አንዱ ሽማግሌ አገር ቤት ስለሄዱ ይተላለፋል። ሁለተኛው በጾም መሃል ይሆንና «ፋሲካ ይለፍ» ይባላል። በሦስተኛው ሁለቱም ወገን ይሰማል፤ «አስቡበት» ተብሎ ይለያያሉ። ሽምግልና ቶሎ አይቸኩልም፤ ቁጣ እንዲበርድ ጊዜ መስጠቱ ጥበቡ ነው። ነገር ግን እሱ በሚታገሥበት ወቅት የቨርጂኒያና የዲሲ 90 ቀን፣ የሜሪላንድም 180 ቀን እየሄደ ነው። ሽምግልና ላይ ነን ማለት ቀኑን አያቆመውም።

ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው። ኮንትራክተሩ በይሉኝታ ዝም ይላል፣ ቀኑ ያልፍበታል፣ ሽምግልናው ሲፈርስ ባዶ እጁን ይቀራል። እሱም ቤተሰብ አለው፤ ለሠራተኞቹ ከኪሱ ከፍሏል፣ ዕቃውን በራሱ ክሬዲት ካርድ ነው ከሆም ዲፖ ያወጣው። ወይም ደግሞ ጠበቃ «ቀኑ ሊያልፍብህ ነው» ይለውና ሊኑን ያስመዘግባል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ከኋላዬ ቤቴን አስያዘ!» ብሎ ይቆጣል፤ ሽማግሌዎቹም ተዋረድን ብለው ይነሳሉ። ሊታረቁ የነበሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ይገናኛሉ።

ይህ የሚሆነው ሊን ማስመዝገብ የጦርነት አዋጅ ስለሚመስለን ነው። አንዳንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀን እንዳያልፍ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ለሽማግሌነት የሚጠሩ ሰዎች፣ ስለ ሰድሩና ስለ ውኃው ከመስማታቸው በፊት፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን መቼ እንደነበረ ቢጠይቁ ነገሩ ይቃናል። ቀኑ ቅርብ ከሆነ በግልጽ «ይመዝገብ፣ ሽምግልናው ይቀጥል» ማለት ይቻላል። የተጠራጠሩበትን ገንዘብ በጠበቃ የአደራ ሂሳብ ማስቀመጥም አለ። ባለቤቱ «ልከፍል የምችል ሰው ነኝ» ያሰኛል፤ ኮንትራክተሩም ገንዘቡ እንዳልጠፋ ያውቃል። ሕጉም ቢሆን ባለቤቱ ቦንድ አስይዞ ወይም ገንዘቡን ፍርድ ቤት አስቀምጦ ሊኑን ከቤቱ ላይ እንዲያነሳ መንገድ ሰጥቷል፤ ክርክሩ ይቀጥላል፣ ቤቱ ግን ነፃ ይሆናል። ሽያጭ ለደረሰበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስምምነት ላይ ሲደረስ «በቃ ይቅር ተባባሉ» ብሎ ጭንቅላት መሳሳም ደስ ይላል። ከመሳሳሙ በኋላ ግን ወረቀት ይጻፍ፦ ስንት ይከፈላል፣ የትኛው ሥራ በምን ቀን ይስተካከላል፣ ማን የሊን ማንሻውን ይፈርማል።

ክፍያ መያዝስ?

ሥራው ከተበላሸ ክፍያ መያዝ መብት ነው። አያያዙ ግን ነገሩን ይወስነዋል። የ3,000 ዶላር ሰድር ተበላሽቶ 18,000 ዶላር የያዘ ባለቤት፣ በዳኛ ዓይን ውል ያፈረሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ሌላ ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ጠርተው «ይህን ለማስተካከል ስንት ነው?» ብለው በጽሑፍ ግምት ይቀበሉ፤ የሚይዙት ገንዘብ ከዚያ ግምት ጋር የሚቀራረብ ይሁን። ለመጀመሪያው ኮንትራክተርም ጉድለቱን ዘርዝረው፣ እንዲያስተካክል ምክንያታዊ ቀን ሰጥተው በኢሜይል ይጻፉ። በስልክ መጯጯህ ማስረጃ አይሆንም። ቴክስት ይሆናል፤ ስለዚህ ተናደው የሚጽፉትንም ያስቡበት።

ብዙ ሰው የካውንቲው ኢንስፔክተር ሥራውን ካሳለፈ ክርክሩ አለቀ ብሎ ያስባል። ኢንስፔክተሩ የሚያየው ሥራው የግንባታ ደንቡን ማሟላቱን ነው፤ ሰድሩ ቀጥ ብሎ መነጠፉ አያሳስበውም። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ፐርሚት ሳይወጣ የተሠራ ቤዝመንት በክርክር ጊዜ ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። በመሃል ስለሚጨመረው ሥራም እንዲሁ። «እግረ መንገድህን እዚህ ጋ አንድ መብራት ጨምርልን» የተባለችው ነገር ናት መጨረሻ ላይ የ7,000 ዶላር ኢንቮይስ ሆና የምትመጣው። ዋጋዋ በዚያው ቀን በቴክስት ቢጻፍና «እሺ» ቢባልባት ይበቃ ነበር።

ይህ ሁሉ አጠቃላይ መረጃ ነው፤ ፖስታው እጅዎ የገባ ከሆነ የግዛቱን ፈቃድ የያዘ ጠበቃ ያነጋግሩ፣ ሲሄዱም ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃዎቹንና ፖስታው የደረሰበትን ቀን ይዘው ይሂዱ።

ከተከፈለና ከታረቁ በኋላ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። ሊኑ ገንዘቡ ስለተከፈለ ብቻ ከመዝገብ ላይ አይጠፋም። ማንሻው ተፈርሞ ሊኑ በተመዘገበበት በዚያው ቢሮ መመዝገብ አለበት። ቀኑ አልፎበት በሕግ የሞተ ሊን እንኳ ከዓመታት በኋላ በሽያጭ ዋዜማ ታይትል ካምፓኒውን ጥያቄ ሊያስነሳው ይችላል፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ ያን ጊዜ ስልክ ቀይሮ ወይም ቴክሳስ ገብቶ ይሆናል። የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ስለሚታይ፣ አካውንት ከፍቶ በራስ ስም መፈለግ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ የሰርኪት ኮርቱን ጸሐፊ ወይም ሪከርደር ኦቭ ዲድስን ጠይቁ፤ ማንሻው የተመዘገበበትን ገጽ ቅጂ ተቀብላችሁ ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት።